ሁለት ሰው፣ አንድ ቁልፍ፦ ከማይጨው ሬዲዮ እስከ ዲላ መጋዘን

ጌዴኦ ምድር ላይ ቁልፉ የጠፋበት መልእክት ቆሟል። በወናጎ አካባቢ የሚገኘውን ቱቱ ፈላን ያየ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል። የሰው ፊትና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ተደርድረው ይታያሉ። በዞኑ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትክሎች በሺዎች ይቆጠራሉ። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አንዳንዶቹ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የቆሙ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ቀድሞ ከሚገመተው ወደ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍርም ከእንሰቱና ከቡናው ጋር እነዚህ ድንጋዮች አብረው ተቆጥረዋል።

ድንጋዩ አልጠፋም፤ ቅርጹም አልጠፋም። የጠፋው በጠራቢውና በተመልካቹ መካከል የነበረው ስምምነት ነው። «ይህ ምልክት ይህን ይላል» የሚለውን ሁለቱም ያውቁት ነበር። ሁለቱም ሲሞቱ መልእክቱ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ስምምነት ነው። የኮምፒውተር ሰዎች «የጋራ ቁልፍ» ይሉታል፤ ፈረንጅኛው ሲወደድ ደግሞ «ሲሜትሪክ» ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም አንድ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን ያልያዘ ደግሞ ውጭ ያድራል። ዛሬ ስልካችንን ከፍተን አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ስንገባ ከጀርባ የሚሠራው ይኸው አሮጌ ዘዴ ነው። አሮጌ ስለሆነ ታሪክ አለው። ታሪኩ ውስጥ ደግሞ እኛም አለንበት፤ ያውም በደም።

የወፍ ቋንቋ

በልጅነቱ የወፍ ቋንቋ ያልሞከረ እጁን ያውጣ! በየፊደሉ መካከል ሌላ ድምፅ እየሰኩ በፍጥነት ማውራት፣ ታናሽ ወንድም ደግሞ አፉን ከፍቶ ያያል። አንድ ሳምንት ግን አይቆይም። ታናሽየውም ደንቡ ይገባውና እናንተን ቀድሞ ማውራት ይጀምራል።

ትልልቆቹም የየራሳቸው የወፍ ቋንቋ ነበራቸው። አዝማሪዎች ባለቤቱ ፊት ቆመው ባለቤቱን የሚያሙበት፣ ነጋዴዎች ገዢው ፊት ቆመው ዋጋ የሚማከሩበት ቋንቋ ነበር። ዕድሜውን በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት የጨረሰው ቮልፍ ሌስላው ይህን ጉዳይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል።

የዚህ ዘዴ ችግሩ ምንድን ነው? ምስጢሩ ያለው ደንቡ ውስጥ መሆኑ ነው። ደንቡ አንዴ ከታወቀ አለቀ፤ ሌላ ቋንቋ መፍጠር ሊኖርባችሁ ነው። ኦገስት ኬርክሆፍስ የሚባል ኔዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1883 አንድ ወርቃማ ሐሳብ ጻፈ፦ ዘዴው ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ምስጢሩ መትረፍ አለበት። ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። የመርካቶ ጓጉንቸር እንዴት እንደሚሠራ ማንም ሰው ፈቶ ማየት ይችላል፤ የእናንተን ቤት ግን የሚከፍተው የእናንተ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ቢጠፋ ቁልፉን ትቀይራላችሁ እንጂ ቤቱን አታፈርሱም።

ማኅተምና ፖስታ

ወደፊት ከመሄዳችን በፊት ሁለት ነገር እንለይ፤ ብዙ ሰው፣ ኮድ ጸሐፊ ወዳጆቻችን ሳይቀሩ፣ ይምታታበታልና።

የነገሥታቶቻችን ደብዳቤዎች አናታቸው ላይ አንበሳ ያለበት ማኅተም አላቸው። ማኅተሙ ደብዳቤውን አይደብቅም። ማንም የተማረ ሰው ያነበዋል። ማኅተሙ የሚለው «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነካካውም» ነው። በሰም የታሸገ ፖስታ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚለው «አታንብበኝ» ነው።

ድረ ገጽ ላይ የይለፍ ቃላችሁን ስታስገቡ አገልጋዩ ኮምፒውተር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጣችኋል። ቶክን ትባላለች። ስማችሁ፣ የተፈቀደላችሁ ነገርና የምታበቃበት ሰዓት ተጽፎባታል። ከዚያ በኋላ በሄዳችሁበት ገጽ ሁሉ ይህችን ወረቀት እያሳያችሁ ታልፋላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ዓለም አቀፉ የኢንተርኔት ደንብ አውጪ ቡድን የዚህችን ወረቀት አጻጻፍ ወሰነ። በጣም የተለመደችው ቶክን ማኅተም ብቻ ያላት ናት። ፊደሉ የተመሰቃቀለ ስለሚመስል የተደበቀ ይመስላል እንጂ ማንም ገልጦ ያነባታል። ሰው እሷ ላይ የስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ይጽፍና «ተመስጥሯል» ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል!

በዚያው ወር የወጣው ሌላው ደንብ ፖስታውን የሚመለከት ነው። ይህችኛዋ ቶክን በነጥብ የተለያዩ አምስት ክፍሎች አሏት። የመጀመሪያው ክፍል በምን ዘዴ እንደተቆለፈች ይናገራል። ሁለተኛው ለቁልፍ የተተወ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው አንድ ቁልፍ ተካፍለው በቀጥታ የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን ባዶውን ይቀራል፤ ቁልፉ ሁለቱም ዘንድ አለና መላክ አያስፈልግም። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ መልእክት አዲስ የሚወጣ የማይደገም ቁጥር ነው። አራተኛው የተመሰጠረው ጽሑፍ ነው። አምስተኛው አንድ ፊደል ቢነካ የሚያጋልጥ ማረጋገጫ ነው። የሚቆልፈው ስሌት ብዙ ጊዜ ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለው ነው፤ ሁለት ቤልጂጋውያን፣ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን፣ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ሆነ። እንደ ኬርክሆፍስ ምክር ስሌቱ ለማንም ክፍት ነው። ምስጢሩ ቁልፉ ብቻ።

ታዲያ ስሌቱ እንዲህ ከጠነከረ ምን ያስፈራናል? እስቲ ወደ 1928 ዓ.ም. እንመለስ።

የአየር ላይ ደብዳቤ

የኢትዮጵያ መንግሥት ዘመናዊ የሬዲዮ ጣቢያ አቃቂ ላይ ለማሠራት እ.ኤ.አ. በ1931 ሥራውን የሰጠው ለማን ይመስላችኋል? አንሳልዶ ለሚባል የኢጣሊያ ኩባንያ! ጣቢያው ሥራ በጀመረበት በ1935 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። አንሳልዶ ሰለለን ማለቴ አይደለም። ሬዲዮን ለመስማት መሠሪ መሆን አያስፈልግም፤ መስሚያ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። የሬዲዮ መልእክት በአደባባይ እንደሚነበብ ደብዳቤ ነው። ሊያድነው የሚችለው ምስጢራዊ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ጦርነቱ ደግሞ ሬዲዮ የግድ የሚል ነበር። ግንባሩ ሰፊ ነው። በሰሜን ራስ ካሳ፣ ራስ ሥዩም፣ ራስ እምሩ አሉ። በደቡብ የጌዴኦ ምድር በሲዳሞ ግዛት ሥር ነበረና የሲዳሞው ገዢ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ከግራዚያኒ ጋር ተፋጥጠዋል። ከሲዳሞ እስከ ሰሜን ግንባር ደብዳቤ በበቅሎ እንላክ ቢባል ጦርነቱ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ባሉት ጥቂት መሣሪያዎች አየር ላይ ይወራል። የኢጣሊያ ጦር የስለላ ክፍል ደግሞ አየሩ ላይ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፣ ይጽፋል፣ ይፈታል።

ውጤቱ በማይጨው ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቃቱን ለማካሄድ ያሰቡበት ቀን በሳምንት ያህል ተላለፈ። በዚህ መሐል ለእቴጌ መነን በሬዲዮ የላኩት መልእክት፣ ሊያጠቁ መወሰናቸውን የሚናገረው፣ በጠላፊዎቹ እጅ ገባ። ማርሻል ባዶሊዮ ጥቃት እንደሚመጣበት እያወቀ ምሽጉን አጠናከረና ጠበቀ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ የኢትዮጵያ ጦር፣ የክብር ዘበኛው ጭምር፣ ተዘጋጅቶ በሚጠብቀው ጠላት ላይ ተወረወረ። ቀኑ ሲመሽ ምሽጉ አልተሰበረም ነበር።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። ማይጨውን ያሸነፈው ጆሮ ጠቢ ብቻ አይደለም። አውሮፕላን፣ መድፍና ዓለም ያወገዘው የመርዝ ጋዝ ነበረ። ነገር ግን አንድ ጦር ያለው የመጨረሻ ሀብት ድንገተኝነት ነው። ድንገተኝነታችን ደግሞ ከጦሩ ቀድሞ በአየር ላይ ተሰርቆ ነበር።

አሁን የጋራ ቁልፍን ዋና በሽታ ተመልከቱ። ቁልፋችሁ መሰበሩን ብታውቁ እንኳ ምን ታደርጋላችሁ? አዲስ ቁልፍ ሲዳሞ ላሉት ራስ ደስታ እንዴት ይደርሳል? በሬዲዮ እንዳትልኩት ሬዲዮው ተጠልፏል። በሰው እንዳትልኩት መንገዱ ሩቅ ነው፤ መልእክተኛው ቢያዝ ቁልፉም አብሮ ተያዘ። ቁልፍ ለማካፈል ቀድሞ የተቆለፈ መንገድ ያስፈልጋል። የራስ ደስታ ጦር በጥር 1928 በገናሌ ዶሪያ ተመታ፤ እሳቸውም ለወራት በዱር ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

ጠላፊው ሲጠለፍ

ታሪክ ግን ቀልደኛ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ተራው የኢጣሊያ ሆነ። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ኮድ ፈቺዎች በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን የኢጣሊያ ጦር ምስጢራዊ መልእክት እያነበቡ ለጦር አዛዦቻቸው ያቀብሉ ነበር። አርበኞቻችን ከጫካ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከጎጃም፣ የእንግሊዝ ጦር ከሰሜንና ከደቡብ ሲገፉ የኢጣሊያው አዛዥ የአኦስታው መስፍን የሚያወራው ሁሉ ይሰማ ነበር። በግንቦት 1933 አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጠ።

በ1928 የእኛን ምስጢር ያነበቡት ሰዎች የራሳቸው ምስጢር አይነበብም ብለው ማመናቸው አይገርምም? አይገርምም። ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያስባል። የጋራ ቁልፍ ሲሰበር አይጮህም። የተሰበረ በር ያስታውቃል፤ የተቀዳ ቁልፍ ግን ዝም ነው። በሩ እንደወትሮው ይዘጋል፣ እንደወትሮው ይከፈታል። ሌባውም እንደ ባለቤቱ በበሩ ይገባል።

ዲላ መጋዘን ውስጥ

አሁን ደግሞ ወደ ሰላሙ ጊዜ፣ ወደ ቡናው እንምጣ።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ተከፈተ። በ2001 ቡና በግዴታ በዚያ በኩል እንዲሸጥ ተደረገ። ዲላም መጋዘንና የቅምሻ ቤት ካገኙት ከተሞች አንዷ ሆነች። ከኮቸሬ፣ ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከገላና አባያ የመጣው ቡና እዚያ ይራገፋል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ላይ ኮድ ይለጠፋል። ቀማሹ የሚያየው ኮዱን ብቻ ነው። የአቶ እገሌ ይሁን የወይዘሮ እገሊት አያውቅም። በጣዕሙና በመልኩ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ኮዱ ወደ ስሙ ይመለሳል።

ይህ ቶክን ነው! ከድረ ገጹ ቶክን የሚለየው አንድ ነገር አለ። ድረ ገጹ ላይ ስማችሁ እዚያው ቶክኑ ውስጥ ተመስጥሮ ተቀምጧል፤ የሚያወጣው ስሌትና ቁልፍ ነው። ዲላ ላይ ግን ኮዱ ውስጥ ምንም የለም፤ ስሙን የሚያወጣው ኮዱን ከባለቤቱ የሚያገናኘው መዝገብ ነው። ቁልፉ መዝገቡ ነው ማለት ነው። መዝገቡን የያዘ ሁሉን ያውቃል፤ መዝገቡ ከጠፋ ቡናው ባለቤት የለውም።

ምስጢሩ ለምን ተፈለገ? ለጥሩ ነገር ነው። ቀማሽና ነጋዴ እንዳይሞዳሞዱ፣ የዘመድ ቡና አንደኛ ደረጃ እንዳይወጣ ነው። ገበያው ሌላም በጎ ነገር አምጥቷል፤ ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኝ ጀመር። ቀድሞ ቡናውን ሰጥቶ ገንዘቡን ወራት የሚለምን ስንቱ ነበር!

ነገር ግን ያው ቁልፍ ሌላ በርም ዘጋ። ተመሳሳይ አካባቢና ደረጃ ያለው ቡና ይቀላቀል ስለነበር አዲስ አበባ ላይ የሚገዛው ላኪ «የይርጋጨፌ፣ ይህን ያህል ደረጃ» ከማለት በቀር ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ሊናገር አይችልም። በውጭ አገር በአንድ ስኒ ብዙ የሚከፍለው ገዢ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ የአርሶ አደሩን ስም። ጩኸቱ ወዲያው ተነሣ። በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ለምሳሌ የይርጋጨፌው፣ ስሙን ይዘው መሸጥ ቻሉ፤ ከዩኒየን ውጭ ያለው አርሶ አደር ግን ስሙ ዲላ መጋዘን በር ላይ ቀረ። ሕጉ የላላው ቆይቶ፣ በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። በማይጨው የተጎዳነው ምስጢራችን ስለተነበበ ነው። በዲላ የተጎዳነው ደግሞ ምስጢሩ በደንብ ስለተጠበቀ ነው! ቁልፉ ጠንካራ ነበር፤ ግን የቡናው ባለቤት ቁልፍ አልነበረውም። የእሱ ስም ተቆልፎበት ሌሎች ሁለት ወገኖች ተካፈሉት።

ስንት ቁልፍ፣ ስንት እጅ?

የጋራ ቁልፍ ሌላም ጣጣ አለው፤ ቁጥር ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ቢሆኑ አንድ ቁልፍ ይበቃል። አሥር መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ከእያንዳንዳቸው ጋር በምስጢር ይጻጻፉ ቢባል 45 ቁልፍ ያስፈልጋል። መቶ ቢሆኑ 4950። ይህ ሲያታክት ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ቁልፍ ቀርጾ ለመቶውም ያድላል። መቶ ሰው የያዘው ቁልፍ ደግሞ ቁልፍ አይባልም። የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ አይታወቅም ይባል የለ?

ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 መፍትሔ አመጡ፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጠላት እየሰማቸው አየር ላይ ተነጋግረው አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ላይ የሚስማሙበት ስሌት። ለማይጨው አርባ ዓመት ዘግይቶ! ዛሬ የባንክ ገጽ ስትከፍቱ በዚህ ዓይነት ዘዴ ቁልፍ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ የሚቆለፈው ግን በጋራ ቁልፍ ነው። ፈጣን ስለሆነ አልተጣለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለችው ሲም ካርድም ያው ናት፤ ውስጧ ከቴሌኮሙ ጋር የምትካፈለው የምስጢር ቁጥር አለ፤ ኔትወርኩ «አንተ ነህ?» ሲላት በእሱ አስልታ ትመልሳለች። ቁጥሩ ራሱ ግን ከካርዷ አይወጣም።

ስለዚህ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ፣ ወይም ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ አፕ የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከታሪኩ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ቁልፋችሁ ኮምፒውተር በዕጣ ያወጣው ረጅም ቁጥር ይሁን እንጂ «ዲላ123» አይሁን። ኮዱ ውስጥ ጽፋችሁ ለዓለም አትለጥፉት። ሦስተኛው ክፍል ላይ ያልኳችሁን የማይደገም ቁጥር አትድገሙት፤ በአንድ ቁልፍ ሁለቴ ከተጠቀማችሁበት ምስጢሩ መፍሰስ ይጀምራል። ቁልፉን ሳይሰበርም በየጊዜው ቀይሩት፤ የትኛው ቁልፍ እንደቆለፋት ቶክኗ ራሷ ትናገር ዘንድ ስም ስጡት። ቶክኗም ቶሎ ትሙት፤ የተሰረቀች ወረቀት ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ባትሠራ ሌባው ደክሞ ይቀራል። ማኅተም በቂ በሆነበት ቦታ ደግሞ ፖስታ አትቆልሉ።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

እነዚህ ሁሉ ግን የባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው። የዜጋው ጥያቄ ሌላ ነው። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ 12 አሃዝ ሰጥቶን የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ወስዷል። ባንኩም፣ ቴሌውም፣ መሥሪያ ቤቱም ስለ እኛ ቶክን ይለዋወጣሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስለራሳችን የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት ሰጥቶናል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ተግባሩን የሚያመጣው ግን ጠያቂ ነው።

«መረጃዬ ተቆልፏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የኮቸሬው አርሶ አደር ስምም ተቆልፎ ነበር። መጠየቅ ያለበት «ቁልፉን እነማን ተካፈሉት? እኔስ አለሁበት ወይ?» ነው። ያቺ ጥያቄ ካልተጠየቀች እኛም እንደ ቱቱ ፈላ ድንጋዮች እንሆናለን፤ ሁሉም ያየናል፣ የተጻፈብን ነገር አለ፣ ለእኛ የሚያነብልን ግን የለም።

ቸር እንሰንብት።